የቀረብኝ ገጽ

ገረሴ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለሉሊት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ፈራሚና ባለአደራ፤

ሰላምታዬ ከገረሴ ደጋ ተነስቶ፣ በዓለሙ የድንች መኪና ላይ ተንጠልጥሎ፣ አቧራውን ሳያራግፍ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር እናንተ በር ላይ ይድረስ። እኔ ካንቺ ስድብ በስተቀር የጎደለብኝ ነገር አልነበረም። እሱንም ዓለሙ ትናንት በፖስታ አድርጎ አደረሰልኝ። አሁን ሙሉ ነኝ።

ሦስት ጥያቄ ጠይቀሽኛል፤ በተራ ልመልስ።

ሳትሰናበት ለምን ሄድክ ላልሽው፦ ያን ዓርብ ከክፍል ስንወጣ ዓለሙ የግቢው በር ላይ ቆሞ «ካሱ፣ አባትህ ጣራ ሲከድን ከመሰላል ወድቋል፤ ቶሎ ውጣ» አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። ሰው ሁሉ እንደኔ የሚቀልድ ይመስለኛል፤ የኔ ችግር ይኸው ነው። ገረሴ የገባሁት በዩኒፎርሜ ነው። የአባዬ እግር ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል፤ ወጌሻው አስሮታል። እስኪነሳ ድረስ ድንቹንም፣ ላሟንም፣ እናቴንም የማስተዳድር እኔ ነኝ። በርግጥ እናቴ እኔን ነው የምታስተዳድረው። መቼ ትመለሳለህ የሚለውን ጥያቄሽን ለአባዬ እግር አስተላልፌዋለሁ፤ መልስ ሲሰጥ እጽፍልሻለሁ።

መጽሐፉስ ላልሽው፦ ምነው እንደ ሌባ ታዪኛለሽ? ለአምስት ተማሪ አንድ መጽሐፍ ሰጡን፤ ለአምስታችን አንቺ ፈረምሽ፤ ቀን ተከፋፍለን በየተራ ወደ ቤት ልንወስደው ተስማማን። ዓርብ የኔ ተራ ነው። አባዬም የወደቀው ዓርብ ነው። መጽሐፉ ቦርሳዬ ውስጥ ቢገኝ ምን ይገርማል? የሚገርመውስ ዓርብ ለኔ መድረሱ ነው። ቅዳሜና እሑድን ስለሚጨምር ሁላችሁም ትመኙት ነበር። ዕጣውን ቆርጬ የጠቀለልኩት እኔ ነበርኩ። ከዚህ በላይ አልናገርም።

እያነበብክ ነው ወይ ላልሽው፦ እንዴታ! ጮክ ብዬ፣ ለአባዬ። እሱ እግሩን ዘርግቶ ተጋድሞ፣ እኔ በእንግሊዝኛ፣ ምዕራፍ አንድን ጨርሼ ሁለትን ላገባድደው ነው። አባዬ እንግሊዝኛ አያውቅም፤ ግን «ይህ ነገር ሲነበብ ሕመሙ ይለቀኛል፤ ወይም እንቅልፍ ነው የሚወስደኝ» ይላል። እናቴ ጥግ ላይ ኮረሪማዋን ለገበያ እየለቀመች «ይህን ሁሉ አንብበህ ጨረስከው?» ትለኛለች። «ጨረስኩት እማዬ» እላለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ። ግማሹ እንዳልገባኝ ላንቺ ብቻ ነው የምናገረው።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን በዓለሙ እልክልሻለሁ። መጽሐፉ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛል። ለመጽሐፍ ተካፋዮቻችን ለብሩክታዊትና ለሰይፈሥላሴ ሰላምታዬን አድርሺ፤ ለብሩክታዊት ትንሽ ጨምሪላት።

ባለዓርቡ ካሱ ሀብተጊዮርጊስ


ገረሴ፣ ኅዳር 5 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለቁጡዋ ሉሊት፤

ጤና ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደብዳቤሽን ሳነበው ግን ጤናዬን የምትመኚልኝ አልመስለኝ አለ።

«ዓለሙ ሦስት ጊዜ ባዶ እጁን መጣ» ብለሻል። ይኸው ዛሬ ባዶ እጁን አልመጣም። አብሮ ያለውን ስምንት ወረቀት ተመልከች። ምዕራፍ ሦስትን በገዛ እጄ ገልብጬልሻለሁ። መጽሐፉን ራሱን ያልላክሁት መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ነው፤ መኪናው ላይ ከድንች ጋር ይረጥባል። ደግሞም ጉንፋን ነገር ጀማምሮታል። ሲሻለው ይመጣል።

ሙሉ ነው ወይ ላልሽው፦ ሽፋኑ ሙሉ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። «አቅርቦትና ፍላጎት የሚለውን ሸመደድኩት እንጂ አልገባኝም» ብለሻል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ የመጽሐፉ ነው። ስለ መርከብና ስለ ስንዴ ያወራል፤ ገረሴ መርከብ የለም። ስለዚህ ዓለሙን አስገብቼበታለሁ። ዝናብ ይጥላል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ የዓለሙ መኪና ሳትመጣ ትቀራለች። እዚህ ገበያው ላይ ድንች እንደ ጉብታ ይከመራል፤ ባለቤቱ «ኧረ እባካችሁ ውሰዱልኝ» እያለ ይለምናል። ያው ዕለት ሲቀላ ድንች ጠፍቶ እናትሽ «ዛሬስ በምን ልሥራው?» ትላለች። ድንቹ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ዋጋው ሁለት። በመካከላቸው ያለው ጭቃ ብቻ ነው። መጽሐፉ ይህችን ለመናገር ሁለት ገጽ ተኩል ፈጅቷል።

የአቅርቦትና የፍላጎት መስመሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ዓለሙን ከነመኪናው ሥዬዋለሁ። ፈተና ላይ መኪናውን እንዳትሥዪ።

አባዬ ትናንት ተደግፎ ቁጭ አለ። እግሩ ግን ስለኔ መመለስ እስካሁን ምንም አልተናገረም።

ጭቃ ውስጥ ያለው ካሱ


አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 19 ቀን 1989 ዓ.ም.

ካሱ፣

አባትህን እግዜር ይማርልን። አንተን ግን አንድ ነገር ያድርግህ።

ማክሰኞ ዕለት ቲቸር ሸዋንዳኝ «አቅርቦት ሲበዛ ዋጋ ለምን ይወርዳል? ከመጽሐፉ የሸመደደ አይመልስልኝ» አሉ። እጄን አውጥቼ ስለ ጭቃው ተናገርኩ። «ከየት አመጣሽው?» አሉኝ። «ከገረሴ» አልኩ። ሳቁ። ሲስቁ ሳያቸው ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ አመሰግናለሁ። ምስጋናው እዚህ ላይ አበቃ።

ስማኝ። ጥር ላይ መጻሕፍት በሙሉ ይቆጠራሉ። መጽሐፍ የጎደለበት የማትሪክ መፈተኛ ካርድ አይሰጠውም፤ ተለጥፎ አንብቤዋለሁ። የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ አንተ አይደለህም፣ ብሩክታዊትም አይደለችም። እናቴ በየማለዳው ጫሞ ወርዳ ዓሣ ተሸክማ የምትመጣው እኔ ለዚህ ፈተና እንድቀመጥ ነው። ከቤታችን አሥራ ሁለተኛ የደረሰ ከኔ በፊት የለም። በቀልድ ብቀር ለእሷ ምን ብዬ ነው የምነግራት?

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። የገለበጥክልኝ ምዕራፍ ሦስትን ነው። አንድና ሁለት የት ሄዱ? «ሽፋኑ ሙሉ ነው» ማለትስ ምን ማለት ነው?

አንዴ ብቻ፣ ሳትቀልድ መልስልኝ።

ሉሊት


ገረሴ፣ ኅዳር 28 ቀን 1989 ዓ.ም.

ሉሊት፣

ሳትቀልድ ስላልሽኝ ሞከርኩ። ሦስት ወረቀት ቀድጄ ይህ አራተኛው ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ላሟ ጎረቤት ጎመን ውስጥ ገብታ ስሮጥ፣ እናቴ ከኋላዬ «ለኮረሪማዬ መጠቅለያ የሚሆን ወረቀት አለህ ወይ?» ብላ ጮኸች። እኔ ዞር እንኳ ሳልል «የተነበበውን ውሰጂ!» አልኳት። የአምና ደብተሮቼን ማለቴ ነበር።

እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጆሮዋ ግን የሚያመልጠው የለም። ምዕራፍ አንድና ሁለት ከዳር እስከ ዳር ሲነበቡ ቁጭ ብላ ሰምታለች። «ጨረስኩት» ማለቴንም ሰምታለች። ስለዚህ የተነበበውን ወሰደች። ያልተነበበውን አልነካችም። እንዲያውም የቀረው እንዳይበላሽብኝ ብላ በመቀስ ነው የቆረጠችው፣ ቀስ አድርጋ። አሥራ አራት ቅጠል። እኔ ሳውቅ በሁለት ገበያ ተሸጦ አልቆ ነበር።

ሙሉ ነው ወይ ስትይኝ የዚያኑ ዕለት መናገር ነበረብኝ። ጉንፋን ምናምን ያልኩት ፈርቼ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህችን ቃል ላንቺም ለማንም ጽፌ አላውቅም፤ አጻጻፏ ከተሳሳተ አርሚው።

ለእማዬ ስነግራት ደነገጠች። «ታዲያ ሰው አንብቦ ከጨረሰው በኋላ ወረቀቱ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ቲቸር ሸዋንዳኝም የሚመልሱት አይመስለኝም። ከዚያ ስላንቺ ነገርኳት፤ ስለ ካርዱ፣ ስለ እናትሽና ስለ ጫሞ። ሰማችኝና ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። «ና ውጣ» አለች። «ለማን እንደሸጥኩ አንድ በአንድ አውቃለሁ።»

ልንወጣ ነው። ዓለሙ ሊሄድ ስለሆነ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ካሱ


ገረሴ፣ ጥር 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ፈራሚ፤

የጥምቀት ሰሞን ሰላምታዬ ይድረስሽ። መጽሐፉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይመጣል። ዓለሙ ወንበሩ ሥር በፌስታል ጠቅልሎ ይዞታል፤ ድንች እንዳይነካው አስምዬዋለሁ።

«ስንቱ ተገኘ?» ብለሽ ነበር። ተረጋግተሽ ስሚ።

እማዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ገረሴን ቤት ለቤት ዞርን። እሷ «ኮረሪማ የጠቀለልኩበት ወረቀት» ስትል ሰው «ኮረሪማው ተበላሽቷል እንዴ?» እያለ ይደነግጣል። አናጺው ተክለወልድ የምዕራፍ አንድን መጀመሪያ ቅጠል ኪሱ ውስጥ ይዞት ተገኘ፤ የበር ልኬት ጽፎበታል። በለጥሽ የምትባል ጎረቤታችን ደግሞ ሦስት ቅጠል አስቀምጣ ኖሮ፣ «እንዲህ ተጨማድዶማ አልመልስም» ብላ በከሰል ካውያ ተኩሳ ሰጠችን። ከመጽሐፉ ሁሉ ቀጥ ያለው ገጽ የእሷ ነው፤ ጠርዙ ላይ ትንሽ ጠይም ብሏል። እንዲህ እንዲህ እያልን አሥራ ሦስት ቅጠል ሰበሰብን።

አሥራ አራተኛው ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ቤት ግድግዳ ላይ ተገኘ። በዱቄት ሙጫ ተለጥፎ፣ ድርቅ ብሎ። ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ወረቀቱ የደፈነው ስንጥቅ በአልጋዋ ትክክል ነው፤ የገረሴን ንፋስ ደግሞ አንቺ አታውቂውም። «አንሱት ካላችሁ እንግዲህ...» አለችና ብርድ ልብሷን ከግድግዳው አራቀች። እማዬ አየችኝ። እኔ ወረቀቱን አየሁ። እስክሪብቶዬን አወጣሁና ቆሜ ከግድግዳው ላይ መገልበጥ ጀመርኩ።

«ምን ለጥፌ እንደምኖር ልወቀው፣ ንገረኝ» አለችኝ።

«የሰው ፍላጎት ወሰን የለውም ይላል እትዬ።»

«እሱን ማወቅ ወረቀት አያስፈልገውም» አለች።

ግን ቅጠል ሁለት ገጽ አለው። ገጽ ዘጠኝ ወደኛ ዞሯል፤ ገጽ አሥርን ግድግዳው ነው የሚያነበው። አንቺ በጣም የምትፈልጊያት ገጽ ደግሞ እሷው ናት፤ አንዱን ስትመርጪ ስለምትተዪው ነገር የምትናገረው። ለአባዬ ሳነብ የገባኝ ግማሹ ነበር። ግድግዳው ሥር ቆሜ ግን ቀሪው ገባኝ። ወረቀቱን ብልጠው፣ ያገኘሁት ወረቀት ነው፤ ዋጋው የዓለምጸሐይ ንፋስ ነው። ብተወው ዋጋው ያንቺ ገጽ ነው። ሁለቱንም መያዝ አይቻልም።

ስለዚህ ገጽ አሥርን ራሴ ጻፍኳት። እንግሊዝኛዬ ስላልበቃ በአማርኛ ነው። ስሟንም እኔው አወጣሁላት፦ «የቀረብኝ»። አንዱን ስትይዢ፣ ከለቀቅሻቸው ውስጥ የሚቆጭሽ፣ «ያ ቀረብኝ» የምትዪው፣ የያዝሽው ነገር ዋጋ እሱ ነው። ፊደሏን ግን ተጠንቀቂ! «ብ» ሳድስ ናት። በግዕዙ «በ» ብለሽ ከጻፍሻት «ቀረበኝ» ትሆንና ሮጣ ምዕራፍ ሦስት፣ አቅርቦት ውስጥ ትገባለች። አንዲት እግር ናት የምትለያቸው።

መጽሐፍ ያለ መልመጃ አያምርም ብዬ ከታች አንድ ጥያቄ ጨምሬያለሁ። «ካሱ ገረሴ በመሄዱ የቀረበት ምንድን ነው?» ይላል። መልሱን እንዳትጠይቂኝ፤ ጥያቄ አውጪ መልስ አያውቅም።

ቅጠሎቹን የሰፋችው እማዬ ናት፣ በጨንቻ የጥጥ ክር። ስትሰፋ ሳቀች፤ «አሁን ማንም አይቆርጠውም፣ እኔም ብሆን» አለች። ትንሽ ቢሸት ኮረሪማ ነው፤ ለጤና ጥሩ ነው።

ቢቀበሉሽ ጻፊልኝ። ባይቀበሉሽም ጻፊልኝ፤ መጥቼ ቲቸር ሸዋንዳኝ ፊት እኔ ነኝ ያጠፋሁት እላለሁ።

ካሱ


አርባ ምንጭ፣ ጥር 25 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለካሱ፤

እንደምን ከረምክ? ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩት እንድትጨነቅ ብዬ ነው። ምን ይመስላል?

ቲቸር ሸዋንዳኝ መጽሐፉን ተቀበሉና አፍንጫቸው ጋ አስጠጉት። «ሉሊት፣ ይህ የሚነበብ ነው የሚበላ?» አሉኝ። ከዚያ ገጽ መቁጠር ጀመሩ። እኔም በሆዴ አብሬያቸው ቆጠርኩ። የተተኮሰውን አዩ፣ የበሩን ልኬት አዩ፣ ገጽ አሥር ላይ ቆሙ። አነበቡ። ተመልሰው ከላይ አነበቡ።

«ይህ የማን ጽሑፍ ነው?»

የኔ ነው ልል ነበር። ግን የእጅ ጽሑፍህን ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል፤ ሰሌዳ ላይ ስንቱን መምህር ሥለህ ከሥሩ ስም ጽፈሃል! «የካሱ ነው፣ ቲቸር» አልኩ። ስለ እናትህ፣ ስለ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ግድግዳም ነገርኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ይህን ልጅ ስንት ጊዜ ነው ከክፍሌ ያስወጣሁት?» አሉ።

«በሳምንት ነው በጠቅላላው?» አልኳቸው። ካንተ የተማርኩት ነው፤ ሳላስበው አመለጠኝ። ደግነቱ ሳቁ። ከዚያ ከፊርማዬ አጠገብ «ሙሉ» ብለው ጻፉ። ካርዱን አገኛለሁ ካሱ። እናቴ ስትሰማ ለእናትህ ዓሣ ካልላክሁ አለች፤ ገረሴ ሳይደርስ ይሸታል ብዬ ነው ያስቀረኋት።

አሁን የኔን ቀልድ ስማ። ስም መዝገቡ ላይ በስምህ ትይዩ «አቋርጧል» ተብሎ ሊጻፍ ነበር። አቋረጠ የተባለ አይመለስም። ፈቃድ የወሰደ ግን በሚቀጥለው ዓመት ቦታው ይጠብቀዋል። ስለዚህ ባንተ ስም ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ፊርማህን አስመሰልኩ። ቲቸር ሸዋንዳኝ ፊርማውን ረጅም ጊዜ ሲያዩት ቆዩና «ካሱ እንዲህ ንጹሕ አድርጎ አይፈርምም» አሉ። ግን አስገቡት። «ፈቃድ ወስዷል» ተብሏል። የጎደለው የአባትህ ስምምነት ብቻ ነው፤ ቅጹ አብሮ አለ። ኮረሪማ እንዳይጠቀለልበት።

መልመጃህን አይቻለሁ። መልሱን አውቀዋለሁ። አልነግርህም።

ሉሊት


ገረሴ፣ የካቲት 12 ቀን 1989 ዓ.ም.

ሉሊትዬ፣

ቅጹን ለአባዬ ይዤለት ገባሁ። በዱላ እየተደገፈ እስከ በሩ ይሄዳል አሁን። «አንብብልኝ» አለ። አነበብኩለት። አሰበ፣ አሰበና «አንብበህ ጨረስክ?» አለኝ። «ጨረስኩ።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናትህ እንዳትሰማ» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ፤ እማዬ ራሷ ነች የጀመረችው።

ከዚያ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ አተመ። «ክረምቱን አብረኸኝ ሥራ፤ ለመስከረም በእግሬ እሸኝሃለሁ» አለ። እግሩ በመጨረሻ መልስ ሰጠ ማለት ነው።

ቲቸር ፊት ለኔ እንደቆምሽ ሳስበው የሚጻፍ ቀልድ ይጠፋብኛል። ዕጣውን ለማጭበርበር የዓርቧን ወረቀት ጠርዝ አጥፌ ነበር፤ ይህንን ብነግርሽ ትንሽ ዕዳዬ ይቀልልኛል ብዬ ነው። ምስጋናዬ እንደ ድንቹ ነው፤ እዚህ ተከምሯል፣ የሚያደርስልኝ መኪና ነው ያጣሁት። ዓለሙ የቻለውን ያህል ይጫንልኝ።

አጥኚ። መኪናውን እንዳትሥዪ።

ካሱ


አርባ ምንጭ፣ ዓርብ ኅዳር 5 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለሉሊት፣ የስድስት ኪሎ ኢኮኖሚስት፤

ከአርባ ምንጭ ሙቀት ጥቂት ቆርጬ በፖስታው ልኬልሻለሁ፤ እዚያ ብርድ ነው አሉ። እናትሽን ትናንት ገበያ አገኘኋት። ያንቺን ነገር ለመንደሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳ አሁን ለዓሣዎቹ ነው የምትነግራቸው።

«ክፍል ውስጥ እንዴት ተቀበሉህ?» ላልሽው፦ አዛውንት ብለው። ባንድ ዓመት የሚያንሱኝ ልጆች ወንበር ይለቁልኛል። ቲቸር ሸዋንዳኝ ስሜን ሲጠሩ ቀና ብለው አዩኝና «ዛሬ ከማስወጣህ በፊት ተቀመጥ» አሉኝ።

ሰኞ መጽሐፍ ታደለ። ዘንድሮም ለአምስት አንድ። የፈረመልን ሚካኤል የሚባል ቀጭን ልጅ ነው፤ እንዳንቺ ቆጣ ቆጣ ይላል። ይዞት ሲመጣ ገና ከሩቅ ሸተተኝ። ኮረሪማ! የእማዬ ክር፣ የበለጥሽ ካውያ፣ የተክለወልድ በር። ዕጣውን ሌላ ሰው እንዲጠቀልል ለምኜ፣ በንጹሕ እጄ አወጣሁ፤ ረቡዕ ደረሰኝ። የእግዜር ፍርድ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ዓርብ ለሚካኤል ሆነ።

ሚካኤል መጽሐፉን ሲያገላብጥ ገጽ አሥር ላይ ቆመ። «ይህ ደግሞ የማን ጅል ጽሑፍ ነው?» አለ። «የሆነ የገረሴ ሰው ሳይሆን አይቀርም» አልኩት። ወደ ታች ሲያነብ ፊቱ ተለወጠ። አየኝ። ወረቀቱን አየ። ደግሞ አየኝ።

«ካሱ የምትባለው አንተ ነህ እንዴ?»

መጽሐፉን ወደኔ አዞረው። ከመልመጃው ሥር፣ በእርሳስ፣ በዚያች እንደ ተተኮሰ ልብስ ቀጥ ባለች ጽሑፍሽ እንዲህ ይላል፦

«መልስ፦ የቀረበት ተራው ነው። ሲመለስ ዓርብን ስጡት።»

ሉሊት፣ መጽሐፉ ለየትኛው ልጅ እንደሚደርስ አታውቂም ነበር። እኔም እመለስ እንደሆን ያን ጊዜ እርግጠኛ አልነበርሽም። እንዲሁ ጽፈሽ መለስሽው።

ሚካኤል የዓርቡን ዕጣ ከኪሱ አወጣ። ጠርዙ አልታጠፈም። እጄ ላይ አስቀመጠና ረቡዕዬን ወሰደ። ዕጣዋን ገጽ አሥር ላይ አድርጌ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ዛሬ ዓርብ ነው። ይህን የምጽፍልሽ መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ በእሱ ላይ ወረቀቱን አስደግፌ ነው። እርሳሱ እንዳይጠፋ መልስሽን በእስክሪብቶ ደግሜበታለሁ። ከሥሩ ደግሞ ለሚቀጥለው ልጅ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ የመረከቢያ ቅጽ እንደሚሞላ ሰው፣ ሳልቀልድ፦

«ዓርቤን በሙሉ ተረክቤያለሁ። ምንም አልቀረብኝም። ፈረምኩ፦ ካሱ ሀብተጊዮርጊስ።»

«ብ»ዋ ሳድስ ናት።